«እማ፣ አሁን ምን ላድርግ?»

ውድ አማካሪያችን፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ አንድ ቀን ለራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

አራት ዓመት ከሦስት ወር የሆነው ወንድ ልጅ አለኝ። ቤት ውስጥ «ባቢ» ነው የምንለው። የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔም ባለቤቴም ሥራ ውለን የምንገባው ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ባቢ ዘንድሮ ኬጂ አንድ ገባ። ባለፈው ሳምንት መምህርቱ ጠርታ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ልጆቹ ሁሉ ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው ሲበሉ የእኔ ልጅ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ከፍተው ሲሰጡት ደግሞ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሱሪውን የሚያወርድለት ሰው ካላገኘ ሽንቱን ይይዛል። ሁለቴ አምልጦታል።

ቤትም ያው ነው። ቀን ሠራተኛችን ታጎርሰዋለች፣ ማታ እኔ አጎርሰዋለሁ። መጫወቻ ሞልቶታል፤ ብቻውን ግን አምስት ደቂቃ አይጫወትም። «እማ ነይ፣ እማ ነይ» ነው። ሄጄ አጠገቡ ስቀመጥ ደግሞ «አሁን ምን ላድርግ?» ይለኛል። ሲሰለቸኝ ስልኬን እሰጠዋለሁ፤ ያኔ ጸጥ ይላል። ባለቤቴ «አንቺ ነሽ ያሞላቀቅሽው» ይለኛል። አማቴ ደግሞ «ገና ሕፃን እኮ ነው፣ ምን አስቸኮላችሁ?» ይላሉ።

የሥራ ባልደረባዬ ቤተ መጻሕፍት ውሰጂው ብላኝ አንድ ቅዳሜ ወሰድኩት። ሮጠ፣ ጮኸ፣ መጽሐፍ ከመደርደሪያ እየጎተተ ጣለ። አንድ ሰውዬ ቀና ብሎ ገላመጠኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላን አፍሬ ይዤው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልሞከርኩም። ጠንከር ልበልበት? ወይስ ልጄን አንዴ አበላሽቼው ይሆን?

ግራ የገባት እናት፣ ከሰሚት

መልስ

እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? አንቺ ስልሽ ቅር እንዳይልሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ታናሽ እህቴ ቡና ላይ ቁጭ ብላ የምታወራኝ መሰለኝ።

የመጨረሻውን ጥያቄሽን ላስቀድም። አላበላሸሽውም። በአራት ዓመት ልጅ ገና ሊጥ ነው። ጠንከር ማለቱን ደግሞ ለጊዜው እንተወው። እስከ ዛሬ ሲጎርስ የኖረን ልጅ ነገ ጠዋት ተነስተሽ «ራስህ ብላ!» ብትዪው፣ እናቴ ምን ነካት ብሎ ይደነግጣል እንጂ መብላት አይማርም።

ከደብዳቤሽ ሁለቴ ያነበብኩት ግን የምሳ ዕቃውን ወሬ አይደለም። ማታ 12 ሰዓት ተኩል የምትለዋን ነው። እስኪተኛ ድረስ ስንት ሰዓት አብራችሁ ናችሁ? ሁለት? ከዚያ ውስጥ ራቱ አለ፣ ገላው አለ፣ የነገው ዩኒፎርም አለ። ስታጎርሺው «ናፍቀኸኝ ዋልክ» እያልሽው ይመስለኛል። ተሳስቼ ከሆነ ንገሪኝ። ካልተሳሳትኩ ግን ጉርሻው ለአንቺም ያስፈልግሻል ማለት ነው። ይሄ አያሳፍርም። እኔ ራሴ የበኩር ልጄን ቦርሳ እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ተሸክሜለታለሁ። አንድ ቀን ጓደኛው «እናትህም ትማራለች እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ልጄ ቦርሳውን ከትከሻዬ ላይ መንጭቆ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ አላስነካኝም።

ቤታችሁን ሳስበው ስድስት እጅ ይታየኛል። ያንቺ፣ የባለቤትሽና የሠራተኛሽ። ስድስቱም ከእሱ ሁለት እጆች ይፈጥናሉ። ካልሲውን ሊያጠልቅ ጎንበስ ሲል አንዱ እጅ ቀድሞ ይደርሳል። ብርጭቆ ሲያነሳ ሌላው ከሥር ይደግፋል። ልጁ ሰነፍ ሆኖ አይመስለኝም። ተራ አልደረሰውም።

እስቲ ከምሳ ዕቃው እንጀምር። ዛሬ ማታ ባቢ ሲተኛ አውጪውና በግራ እጅሽ ብቻ ክፈቺው። ግራኝ ከሆንሽ በቀኝሽ። አታገለሽ? የአራት ዓመት ልጅ በሁለት እጁ የሚሰማው እንደዚያ ነው። ብዙው ምሳ ዕቃ የሚሠራው ወጥ እንዳያፈስ ታስቦ ነው፤ ማን እንደሚከፍተው ያሰበ የለም። ከጠነከረ ላላ ያለ ክዳን ባለው ቀይሪለት። ከዚያ ቅዳሜ የእሱን ምሳ በምሳ ዕቃው፣ ያንቺንም በሌላ ምሳ ዕቃ አድርጊና ምንጣፍ ላይ አብራችሁ ቁጭ በሉ። የራስሽን ከፍተሽ ብዪ። የእሱን አትንኪ። ካቃተው ጠርዙን ትንሽ አላቂና መልሺለት፤ የመጨረሻዋን «ጧ» እሱ ያሰማት። ለመጀመሪያው ሳምንት በእጅ የሚያዝ ነገር ቋጥሪለት፦ ዳቦ በእንቁላል፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ። ፍርፍርና ፓስታ ይቆዩ።

ሱሪውንም እዪው። ቀበቶ አለው? ቁልፍ? ዩኒፎርም ነው ካልሽ ልብስ ሰፊ ጋ ወስደሽ ወገቡ ላይ ላስቲክ አስገቢለት፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። መምህርቱን ግን አንድ ነገር በደንብ ጠይቂልኝ። ችግሩ ሱሪው ነው ወይስ ሽንት ቤቱ? ልጆች የውኃውን ድምፅ ይፈራሉ፣ በሩ ይቆለፍብኛል ብለውም ይፈራሉ። አፍ አውጥተው ግን አይናገሩም። አንድ ጠዋት ቀደም ብላችሁ ሂዱና አብራችሁ ግቡ። ውኃውን እሱ ይልቀቀው። ሲሸና ያመኛል ካለ፣ ወይም ድሮ ይችለው የነበረውን ነገር ድንገት ከተወ ግን ሐኪም ይየው።

ጉርሻውን ተዪ አልልሽም። ብልሽስ ማን ይሰማኛል? አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ፣ ሁለቱን ስጪው። ከዚያ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አድርጊና «በል አሁን አንተ አጉርሰኝ» በዪው። መጀመሪያ አፍንጫሽን ያገኘዋል። ሽሮው ቀሚስሽ ላይ ይንጠባጠባል፤ የቤት ልብስሽን ልበሺ። እንጀራ ቆርሶ፣ ወጥ ጠቅልሎ፣ ሳያፈስ አንቺ አፍ ድረስ ያመጣ እጅ የራሱን አፍ አያጣውም። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ብሉ፦ አንድ ላንቺ፣ አንድ ለራሱ። ራቱ ረጅም ይሆናል። ገላውን ለነገ አስተላልፉት፤ አንድ ቀን ሳይታጠብ ቢያድር ምንም አይሆንም።

ስለ ሠራተኛሽ ትንሽ ላስጨንቅሽ። ስትገቢ መጀመሪያ የምትጠይቂያት ምንድነው? «በላ?» ነው አይደል? ሳህኑ ባዶ፣ ወለሉ ንጹሕ ከሆነ ቀኗ ጥሩ ዋለ ማለት ነው። እና ለምን ታጎርሰዋለች ትያለሽ? በሩብ ሰዓት ያልቃል፣ አይፈስም፣ አትቆጫትም። ስለዚህ ቁጭ አድርገሽ ንገሪያት። «ራሱ ይብላ፤ ቢያፈስ፣ ቢያስተርፍም አልቆጣሽም» በያት። ከዚያ እውነትም አትቆጪ። ማታ ስትገቢም «በላ?» የሚለውን ተይና «ዛሬ ራሱ ምን ሞከረ?» ብለሽ ጠይቂያት። ሳምንት ሳይሞላ እሷም ቀኑን ሙሉ መልሱን ስታጠራቅምልሽ ትውላለች።

አሁን ወደ ጨዋታው። «እማ ነይ» ሲልሽ ሂጂ። ግን ምስርሽን ይዘሽ ሂጂ። ምስር ልቀሚ፣ ነጭ ሽንኩርት ላጪ፣ ልብስ እጠፊ። አጠገቡ ሁኚ፤ ሥራሽ ግን የራስሽ ይሁን። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ዶናልድ ዊኒኮት እ.ኤ.አ. በ1958 ስለዚህ ጉዳይ ጽፎ ነበር። ልጅ ብቻውን መሆንን የሚማረው ሰው በሌለበት አይደለም ይላል። የሚወደው ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ ሳይነካካው፣ በዚያ መሃል ብቻውን ሲሆን ነው። እኔ ይሄን ሐሳብ ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እሷ ጥጥ ስትፈትል እኛ ሥሯ እቃቃ እንጫወት ነበር። አንድ ቀን እንኳ አብራን ተጫውታ አታውቅም። አንድ ቀን ግን የሌለች መስሎን አያውቅም።

«አሁን ምን ላድርግ?» ሲልሽ «እንጃ፣ እኔም አላወቅኩም» በዪውና በሆድሽ እስከ ሃያ ቁጠሪ። ብዙዎቻችን አራት ላይ ስንደርስ «በቃ መኪናውን ንዳው!» እንላለን። አንቺ ሃያ ድረሺ። ይነጫነጭ ይሆናል፣ ምንጣፉ ላይ ይንከባለል ይሆናል። ከዚያ አንድ ነገር ያነሳል። የሚያነሳው ነገር ላይ ደግሞ አስተያየት አትስጪ። ሞያው የእሱ ነው።

መጫወቻ ሞልቶታል ብለሻል። ግማሹን ካርቶን ውስጥ አድርጊና አልጋ ሥር ክተቺው። ባትሪ የሚበሉትን በሙሉ ብትከቺያቸው ደስ ይለኛል፤ እነሱ ራሳቸው ይጫወታሉ፣ ልጁ ያያቸዋል። በምትኩ እጀታው የተሰበረ ስኒ፣ ሁለት የጀሪካን ክዳን፣ ቆርኪዎች፣ ባዶ የክብሪት ሣጥን ስጪው። አሮጌ ነጠላ ሁለት ወንበር ላይ ጣይለት። ቤት ሆነ። እሱ ውስጡ ቡና ያፈላል። «እንግዳ ነኝ፣ ልግባ?» ብለሽ አንኳኪ እንጂ ዝም ብለሽ አትግቢ። በራሱ ቤት አባወራው እሱ ነው።

አኩኩሉስ ትጫወታላችሁ? ስልክ ከመጣ ወዲህ የተረሳ ነገር ነው። አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ «አኩኩሉ!» ትያለሽ፣ እሱ ከመጋረጃው ጀርባ «አልነጋም!» ይላል። እግሮቹ ከሥር ይታያሉ፤ እንዳላየሽ ሁኚ። ያን ጊዜ ልጁ ጨለማ ውስጥ ብቻውን ነው፣ ልቡ ትመታለች፣ ግን እናቱ እየፈለገችው እንደሆነ ያውቃል። አንቺን ለትንሽ ጊዜ ማጣትን በሳቅ ይለማመዳል። የመጀመሪያ ቀን አሥር ሰከንድ አይቆይም፣ ራሱ ዘሎ ይወጣል። ፈልጊው፣ ግን በቶሎ አታግኚው።

ስልኩን በአንድ ቀን ንጠቂው አልልሽም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ካነሰም ይሻላል ይላል። ከሰዓቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መቼ እንደምትሰጪው ነው። «ምን ላድርግ?» ባለ ቁጥር ስልክ ከተሰጠው ለጥያቄው መልስ አገኘ ማለት ነው። ሌላ መልስ ለምን ይፈልጋል? ስለዚህ ሰዓቱ የታወቀ ይሁን፤ ለምሳሌ አንቺ እንጀራ ስትጋግሪ።

ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ልመለስ። በገላመጠሽ ሰውዬ አልፈርድም። ሰኞ ፈተና ይኖርበት ይሆናል። ባቢም ላይ አልፈርድም። የገባችሁት የትልልቆቹ ክፍል መሰለኝ፤ እዚያ የአራት ዓመት ልጅ የሚያደርገው ነገር የለም። ከሮጠ ሮጠ እንጂ ሌላ ምን ያድርግ? አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን አይተሽው ታውቂያለሽ? በ2014 የተከፈተው፣ 4 ኪሎ ፓርላማው ፊት ለፊት ያለው። ለልጆች የተለየ ክፍል አለው። ከመሄድሽ በፊት ልጆች በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚገቡ፣ ቦርሳ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቂ። በር ላይ መመለስ ልጅን በጣም ያስከፋል።

ጉዞው ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። ከሰሚት መገናኛ፣ ከመገናኛ 4 ኪሎ፤ ሁለት ታክሲ። ሒሳቡን ባቢ ይያዘውና ለረዳቱ እሱ ይስጥ። መልስ ካለ እሱ ይቀበል። ልትደርሱ ስትሉ በጆሮው ሹክ በዪውና «ወራጅ አለ!» ብሎ እሱ ይጩህ። ሚኒባስ ሙሉ ሰው ዞሮ ያየዋል፣ ሹፌሩም ያቆምለታል። አራት ዓመት ሙሉ መኪና የሚያቆም ድምፅ እንዳለው አያውቅም ነበር እኮ!

ጠዋት ይሁን፣ ቁርስ በልቶ፣ ሽንት ቤት ሄዶ። በር ላይ ሁለት ነገር ብቻ ንገሪው፦ እዚህ ቀስ ብለን እንራመዳለን፣ መጽሐፍ ስናወጣ አንድ አንድ ነው። አሥር ሕግ ብትደረድሪ አንዱንም አይዝም። ከዚያ መጽሐፉን እሱ ይምረጥ። ስለ ትራክተር ሞተር የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ ቢያመጣ እሺ በዪ። ገልብጦ ቢይዘው አታቃኚለት፤ ሥዕሉ ራሱ ይነግረዋል። አንድ ጥያቄ ደግሞ ቤት አለማምደሽ ውሰጂው፦ «የአንበሳ መጽሐፍ አለ?» የምትል። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ጋ አብራችሁ ሂዱ፣ ከዚያ ዝም በዪ። እጅሽን ጨብጦ ከኋላሽ ይደበቅ ይሆናል። ዛሬ ካልጠየቀ አንቺ አትጠይቂለት፤ «ሌላ ጊዜ እንጠይቃለን» ብለሽ እለፊ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ሳይሰለቸው፣ ደስ እንዳለው ይዘሽው ውጪ።

በየሳምንቱ 4 ኪሎ መመላለስ እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ። በወር አንዴ ከሆነ ጥሩ ነው። ለቀሪው ቤትሽ ይበቃል። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ ቆይተው አገራቸው ተመልሰው፣ በ1995 ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት የከፈቱት በመኖሪያ ቤታቸው ነበር። ኋላም ሐዋሳ ላይ አህያ በሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ ልጆቹ ያሉበት ድረስ ተወሰደ። አንቺ አህያ አያስፈልግሽም። አንድ ካርቶን ጎኑን ቆርጠሽ በባቢ ቁመት ልክ አስቀምጪ፤ ያገለገሉ መጻሕፍት ከሚሸጡ ሰዎች አምስት ስድስት የልጆች መጽሐፍ ግዢ። የብሎካችሁ ልጆች ቅዳሜ መጥተው አንድ አንድ ይዋሱ። አዋሹ ባቢ ነው። የወሰደውን ልጅ ሥዕል በወረቀት ላይ እሱ ይሣል፤ መመዝገቢያው ሥዕሉ ነው። «አልመለሰም!» ብሎ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ለመጠየቅ ሲወርድ ታዪዋለሽ። አንቺ ደረጃው ላይ ቁሚ።

አማትሽን ደግሞ አትከራከሪያቸው። ሥራ ስጪያቸው። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» የሚላቸው የልጅ ልጅ አላቸው አይደል? ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላሉ። ያንን በቃል ብቻ አትለፉት። እውነትም ይመልስ። አያቱ የነገሩትን በሚቀጥለው እሑድ እሱ ለእሳቸው ይንገር፣ ዳቦውንም በእጁ ቆርሶ ይስጣቸው። ጅቡን ከአንበሳው ጋር ያምታታዋል፣ መጨረሻውን ከመሃል ያመጣዋል። እሳቸው እንዳያርሙት ብቻ ለምኚልኝ። ይሄን ካደረግሽ «ምን አስቸኮላችሁ?» የሚሉ አይመስለኝም።

ባለቤትሽ «አንቺ ነሽ» ያለሽ ነገር ቅር አሰኝቶሻል፤ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ንገሪው። ጥፋተኛ ፍለጋውን ትታችሁ ሥራ ተከፋፈሉ። የጠዋቱን ጫማ እሱ ይያዘው፦ ከሥራ በፊት አሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ ተነስቶ፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ ባቢ ጫማውን ራሱ እስኪያደርግ እጁን ኪሱ ከቶ መጠበቅ። ሦስት ቀን ይሞክረውና ከዚያ ማን እንዳሞላቀቀው እንደገና ታወራላችሁ። ጫማው ግራና ቀኙ ቢቀያየር እንደዚያው ይሂድ። ካልተመቸው መምህርቱ ፊት ራሱ ይቀይረዋል።

ሁሉንም በአንድ ሳምንት አትጀምሪ። በዚህ ሳምንት ምሳ ዕቃውንና ምስሩን ብቻ። ቤተ መጻሕፍቱ ወር ቢቆይም ይቆይ። ስትሄዱ ግን ጻፊልኝ፤ «ወራጅ አለ» ብሎ ጮኸ ወይስ አፈረ? የትኛውን መጽሐፍ መረጠ? የትራክተሩን ከሆነ ደግሞ ስንተኛው ገጽ ላይ እንደሰለቸሽ አትደብቂኝ።